ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ እፈራለሁ

ጥያቄ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ? ስሜንና የወረዳዬን ስም እንዳትጽፉብኝ አደራ እላለሁ። ዕድሜዬ 29 ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በአንድ ደጋማ ወረዳ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ባለቤቴ በዞኑ ከተማ መምህር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። እኔ ከእናቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር በተከራየሁት ቤት እኖራለሁ። ቤታችን ያለው ከዳገቱ ሥር ነው፤ ከእኛ በላይ እርሻ፣ ከእርሻው በላይ ደግሞ ዛፉ ያለቀ ተዳፋት አለ።

በኮሌጅ አብራኝ የተማረች የግብርና ልማት ሠራተኛ ጓደኛዬ በጎፋው የመሬት ናዳ ሞታለች። ሰው ለማውጣት ሄዳ ነው የቀረችው። እኔ መርዶዋን በስልክ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ «እሷ ሄደች፤ እኔ ብሆን እሄድ ነበር?» የሚል ሐሳብ አይለቀኝም።

ባለፈው ክረምት በተዳፋቱ ላይ ስንጥቅ ታየ። 11 አባወራዎች ለጊዜው ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲወጡ አደረግሁ። ዘጠኝ ቀን ቆዩ፤ ምንም አልወረደም። ይባስ ብሎ ሁለት ቤት ተዘረፈ፣ የአንዲት ባልቴት ዶሮዎችም ጠፉ። እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ «ናዳዋ መጣች» ይሉኛል። የወረዳ አለቃዬም «ሕዝብ አታሸብሪ» ብሎ ተቆጣኝ። ዘንድሮ ስንጥቁ ሰፍቷል፤ እኔ ግን አፌን ለመክፈት ፈራሁ።

ዝናብ ሲጀምር ልቤ ይመታል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፤ የቆርቆሮውን ድምፅ እያዳመጥኩ ይነጋል። አደጋ ቢመጣ ሕዝቡን የማስወጣው እኔ እንደሆንኩ በኮሚቴው ሰነድ ላይ ስሜ ተጽፏል። ልጄንስ ማን ያወጣዋል? ባለቤቴ ዝውውር ጠይቂ ይለኛል። ብጠይቅ የሸሸሁ መስሎ ይሰማኛል። ይህን ሥራ የያዘ ሰው እንዲህ ይፈራል? ወይስ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም?

የምትፈራው ሥራ አስኪያጅ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ለሥራው ተፈጥረሽ እንደሆነና እንዳልሆነ ወደሚለው ጥያቄሽ እመጣለሁ፤ የሚያስቸኩለው ግን እሱ አይደለም። በደብዳቤሽ መጀመሪያ ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ። አንቺ፣ እናትሽና ልጅሽ የምታድሩት ከተሰነጠቀው ተዳፋት ሥር ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ ስለ ስሜት ብናወራ ነገሩን ከጭራው መያዝ ይሆንብናል። እባክሽ ይህን ክረምት ሌላ ቤት ተከራዪ። ዕቃ ማጓጓዙ ከከበደሽ ዕቃው እዚያው ይቅርና ሌሊት ሌሊት ብቻ ከዳገቱ ርቃችሁ እደሩ።

ይህን ስታነቢ «ሕዝቡን ትቼ ራሴን ባወጣ ምን ይሉኛል?» እንደምትይ እገምታለሁ። ተደብቀሽ ከወጣሽ በእርግጥ ያሙሻል። ስለዚህ ተናግረሽ ውጪ። ከስንጥቁ ሥር ያሉትን ቤተሰቦች ሰብስበሽ «ስንጥቁ ስለሰፋ ልጄንና እናቴን ይዤ ከዳገቱ ርቆ ወዳለ ቤት እየወጣሁ ነው፤ እናንተም ልጆቻችሁንና አዛውንቶቻችሁን ዘመድ ዘንድ ብታሳድሩ ደስ ይለኛል» በያቸው። ባለፈው ዓመት ውጡ ስትያቸው አንቺ የት እንደምታድሪ ልብ ብለው ያዩ ሰዎች እንዳሉ አትጠራጠሪ።

«ልጄንስ ማን ያወጣዋል?» ብለሻል። በደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ሁሉ እጅግ ቅን ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው። በየቀበሌው የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢ ይመረጣል፣ ጸሐፊ ይመረጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከአባላቱ አንዱን «በዚያ ሌሊት የአንተ ልጆች የት ይሆናሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። አደጋን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከተመለከቱት ቆይተዋል፤ ቤተሰቡ በደህና ቦታ መሆኑን ያወቀ ሠራተኛ ልቡ ሳይከፈል መሥራት ይቀለዋል፣ ያላወቀው ግን አካሉ እዚህ ልቡ እዚያ ሊሆን ይችላል። ልጅሽን ማስቀደምሽ ለሥራሽ አለመታመን የሚሆነው እንዴት ነው?

ይልቁንም አስቀድመሽ ወስኚው። እናትሽ በጨለማና በጭቃ ልጁን አዝለው ከዳገቱ መራቅ ይችላሉ? የማይችሉ ከሆነ ልጁን የሚያነሳው የትኛው ጎረቤት ነው? ስሙ ይታወቅ፤ እሱም «እሺ» ይበልሽ። የምትገናኙበት ቦታ አንድ ይሁን። አንድ ቀን በብርሃን፣ አንድ ቀን ደግሞ ሲመሻሽ መንገዱን አብራችሁ ሂዱበት። ከዚያ ለኮሚቴው በግልጽ ንገሪያቸው፦ «መጀመሪያ ልጄ መውጣቱን አያለሁ፤ ከዚያ እመጣለሁ። እስክመጣ ድረስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትመራለች።» ይህም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ይናገሩ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም ልጆች ይኖሩታል እኮ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ነፍሷን ይማር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ የማነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ መጀመሪያ የወረደው ናዳ የቀበረው ጥቂት ቤቶችን ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ካለቁበት አደጋ አብዛኛውን ሕይወት የቀጠፈው፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ ተሰብስቦ በሚቆፍርበት ሰዓት የመጣው ሁለተኛው ናዳ ነው። ፖሊሶች፣ መምህራን፣ ከጎረቤት መንደር የደረሱ ገበሬዎች፣ የአካባቢው አስተዳዳሪ ሳይቀር እዚያው ቀሩ።

ኡኡታ ሲሰማ ወደ ኡኡታው መሮጥ ያደግንበት ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ገደል ሲገባ፣ ከብት ወንዝ ሲወስደው የደረሰ ሁሉ ይደርሳል። ጓደኛሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው። «እኔ ብሆን እሄድ ነበር?» ብለሽ ራስሽን ስትፈትኚ መልሱ «አልሄድም ነበር» እንዳይሆን የፈራሽ ይመስለኛል። ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት ግን ትሄጂ ነበር። ዘንድሮም ትሄጃለሽ። እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። ተዳፋቱ ውኃ ጠጥቶ በከፊል ሲደረመስ የቀረው አፈር ድጋፉን ያጣል፤ የመጀመሪያው ናዳ ቆመ ማለት ዳገቱ ቆመ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለሥራሽ የሚያስፈልገው የልብ ዝግጅት ትልቁ ክፍል ይህ ይመስለኛል፦ ወንድሙ የተቀበረበትን ሰው «ቁም» ማለት። ብቻሽን አትችይውም፤ ትችያለሽ ብዬም አልሸነግልሽም። በዚያ ሰዓት የአንዲት ወጣት ሴትን ቃል ሰምቶ አካፋውን የሚጥል ሰው አይኖርም። ከአሁኑ ከአገር ሽማግሌዎች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከእድሩ ዳኛ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ናዳ ቢወርድ ሕዝቡን ከሥሩ የሚያርቀው ማን ነው? ዳገቱን በግልጽ ከሚያሳይ ደህና ቦታ ላይ ቆሞ ሌላ ሳያይ ተዳፋቱን ብቻ የሚመለከተው፣ ፊሽካ የሚይዘው ማን ነው? ያ ሰው ሳይቆም ማንም ገብቶ እንዳይቆፍር፣ ፊሽካው ሲነፋ ደግሞ ሁሉም በየትኛው በኩል ወደ ጎን እንደሚወጣ ተስማሙ። የምትናገሪውንም ዓረፍተ ነገር አሁን አዘጋጂው፤ አጭር ይሁን፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለብቻሽ ደጋግመሽ በይው። ሰው በድንጋጤ ጊዜ አዲስ ቃል መፍጠር ይቸግረዋል፤ የለመደውን ግን ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ይመስላል። ለማስጠንቀቂያ ምን ድምፅ ልትጠቀሙ ነው? የእድር ጡሩንባ ከሆነ ተጠንቀቂ። ጡሩንባ ለሕዝቡ ለቅሶ ማለት ነው፤ ሲሰማ ጋቢውን ለብሶ ወደተነፋበት ይመጣል። ኡኡታም እንደዚያው ነው። «ሽሹ» የሚለው ድምፅ «ኑ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታ ሌላ ነገር ምረጡ፤ ከትምህርት ቤቱ ደወል የተለየ፣ በልጆችም የሚታወቅ፣ ስልክ ሲጠፋ የሚሠራ።

ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ላንሳልሽ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን ላይ የባሕር ማዕበል ሲመጣ ሚናሚሳንሪኩ በምትባል ከተማ የ24 ዓመት የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ከቢሮዋ ሆና በድምፅ ማጉያ «ወደ ከፍታ ቦታ ውጡ» እያለች ደጋግማ አስጠነቀቀች። ብዙ ሰው ድምፅዋን ሰምቶ ዳነ። እሷ የነበረችበትን ባለሦስት ፎቅ የአደጋ መከላከል ሕንፃ ግን ውኃው ከጣሪያው በላይ አለፈበት፤ እሷና ብዙ ባልደረቦቿ ሞቱ። በጀግንነቷ ትወደሳለች፤ ይገባታልም። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ «አሁን ይበቃሻል፣ ውጪ» የማለት ኃላፊነት የተሰጠው ማን ነበር? በአንቺ ቀበሌ ለአንቺ ይህን የሚልሽ ሰው አለ? ከሌለ ምረጪ። ሲልሽም እንደምትሰሚው ቃል ግቢለት።

ያለፈው ዓመት ነገር ክፉኛ እንደጎዳሽ ይገባኛል። እንዲህ ብዬ ልጠይቅሽ፦ ዛሬ ሌሊት ዝናቡ ቢበረታ አስቀድሞ ሐሳብሽ የሚሄደው ወደ ዳገቱ ነው ወይስ ወደ ገበያው ሳቅ? «ወደ ሳቁ» ካልሽ አያሳፍርም፤ ከብዙ ሰው ጋር አብሮ የሚኖር ሠራተኛ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ግን ውሳኔው የአንቺ ብቻ ሆኖ በመቆየቱ የመጣ ሸክም ነውና አካፍዪው።

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ችካሎች አስመቺ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ አብረው በየጠዋቱ ይለኩ፣ በደብተር ይጻፍ። ዝናብ እየጣለ ሳለ ግን ማንም ወደዚያ አይሂድ። ርቀቱ በምን ያህል ሲጨምር እንደምትወጡ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ቢያይላችሁ ደግሞ ይመረጣል። ሌሎቹን ምልክቶች እናቶችና እረኞች ከማንም በላይ ያውቋቸዋል። ጥርት ብሎ ይፈልቅ የነበረ ምንጭ ሲደፈርስ ወይም ከቦታው ሲጠፋ፣ አዲስ ውኃ ባልነበረበት ሲፈልቅ፣ ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ በር ያለወትሮው አልዘጋ ሲል፣ ከመሬት ውስጥ ጉርምርምታ ሲሰማ። እነዚህ ከታዩ ልኬት አይጠበቅም። ያን ጊዜ «ሥራ አስኪያጇ ደነገጠች» የሚል አይኖርም፤ ችካሉን የለኩት ሽማግሌ ራሳቸው ይናገራሉ።

በነገራችን ላይ፣ ሕዝቡ ያኮረፈው ናዳው ስላልመጣ ብቻ አይመስለኝም። ቤት ተዘርፏል። ዶሮ ጠፍቷል። ዶሮዎቻቸው የጠፉባቸው እናት አንቺን አምነው ነው የወጡት። ሄደሽ ቡናቸውን ጠጥተሽ፣ «ባለፈው ዓመት ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ሳልመድብ አስወጣሁዎት፤ ዘንድሮ ሚሊሻዎቹ ከሥሩ ሳይገቡ ከዳር ሆነው መግቢያ መውጫውን ይጠብቃሉ፤ እርስዎም ዶሮዎችዎን ይዘው ይወጣሉ» ብትያቸው ምን ይመስልሻል? ሰው ከብቱን ትቶ አይወጣም፤ የከብቱ ማሳደሪያ በዕቅዱ ውስጥ ካልገባ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ አለቃሽ ብዙ አልልም። በቃል የተባለውን በቃል አትመልሺ። ስንጥቁ መቼ እንደታየ፣ አሁን የት እንደደረሰ፣ ስንት አባወራ ከሥሩ እንዳለ፣ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደምትፈልጊ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ቁጥርና ቀን ሰጥተሽ ለወረዳው አስተዳደር ላኪ፤ ግልባጩ ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ። መረረኝ ብለሽ ክስ አታድርጊው። ደብዳቤው ወጪ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ዳገቱን ብቻሽን መሸከምሽ ያበቃል፤ ለእንቅልፍሽም ከምታስቢው በላይ ይጠቅማል።

እንቅልፍሽን ካነሳን፣ ከተሰነጠቀ ዳገት ሥር ተኝቶ ዝናብ ሲጥል ልቡ የማይመታ ሰው ቢኖር እሱን ነበር የምመክረው። የአንቺ ሰውነት የሚነግርሽ እውነት ነው። ቢሆንም ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ፀሐይ በወጣበት ደረቅ ቀንስ ይህ ስሜት ይመጣብሻል? የጓደኛሽ ነገር ሳትፈልጊው ድንገት ዓይንሽ ላይ ይደቀናል? ወደ ተዳፋቱ የሚወስደውን መንገድ መሄድ ትተሻል? በልጅሽ ላይ ቶሎ ቶሎ ትቆጫለሽ? መልስሽ «አዎ» ከሆነና ከወር በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ እዚያ ባይኖር ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል። እብድ ትባያለሽ ብለሽ አትስጊ፤ የምትሄጂው እንቅልፍ ላጣ ሰውነትሽ ሕክምና ፍለጋ ነው።

እስከዚያው የሌሊቱን ዘብ በተራ አድርጉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ልማት ሠራተኞቹ፣ የሚሊሻው ኃላፊና አንቺ ተካፈሉት፤ የሚነቃው ከደህና ቦታ ሆኖ ይንቃ። ተራሽ ባልሆነበት ሌሊት ሌላ ሰው እንደነቃ ታውቂያለሽና ዓይንሽ ሊከደን ይችላል። ልብሽ ሲመታ አየር በዝግታ ሳቢ፤ ስታስወጪ ከሳብሽበት ይርዘም፤ ጥቂት ደቂቃ እንዲህ አድርጊ። ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ እጅሽ ስልክ ለመያዝ እንዲታዘዝ ግን ያደርጋል።

የጓደኛሽ ቤተሰብ ዘንድ ለቅሶ ደርሰሻል? መርዶውን በስልክ ሰማሁ ብለሽ አለፍሽው እንጂ መሄድሽን አልነገርሽንም። ካልሄድሽ ጊዜው አላለፈም። መንገዱ ሲደርቅ ወላጆቿ ዘንድ ሄደሽ ስለ እሷ አውሩ። የምታጽናኝው እነሱን ብቻ አይሆንም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሚሆነው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ጊዜ በማግስቱ ሠራተኞች ተሰብስበው «ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ» ይባላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን በአንድ ጊዜ አውጡት የሚል ስብሰባ አይመክርም። የሚመክረው ቀለል ያለ ነው፤ ማን ምን እንደጎደለው ማየት፣ መናገር የፈለገውን ማዳመጥ፣ ወደ ዘመዱና ወደ አገልግሎት ማገናኘት። አንቺም ከውኃ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት ሪፖርት ብትጠየቂ «ትንሽ ልረፍ» የማለት መብት አለሽ።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ መጠየቅ ሽሽት ነው ብዬ አላምንም። ሠራተኛ ዝውውር የሚጠይቀው በሺህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ልጅ ማሳደግ ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ አስቢው፦ ዝውውርሽ ነገ ቢፈቀድና ከተማ ብትገቢ፣ እዚያ ዝናብ ሲጥል ትተኛለሽ? «አዎ፣ ልጄ ደህና ስለሆነ እተኛለሁ» ካልሽ ችግርሽ በአብዛኛው የቤት ጉዳይ ነውና ቤት በመቀየር ይቃለላል። «አይ፣ እነዚያ 11 ቤቶች ይታዩኛል» ካልሽ ግን ቦታ መቀየር ብቻውን አይፈውስሽም። ሦስተኛም መልስ ሊኖር ይችላል፤ ሥራውን ራሱን ጠልተሽው ከሆነ፣ ናዳውም ሰበብ ብቻ ከሆነ፣ ያንንም በሐቀኝነት ለራስሽ ንገሪው። የእኔ አስተያየት ውሳኔውን እንቅልፍ አጥተሽ በሐምሌ እንዳታደርጊው ነው። ማመልከቻውን ጽፈሽ አስቀምጪው፤ መስከረም ላይ አውጥተሽ አንብቢው። ያን ጊዜም ልክ ሆኖ ከታየሽ አስገቢው፤ ማንም ቀና ሰው አይፈርድብሽም። ለሥራው ተፈጥረሽ እንደሆነ ግን ልጠራጠር አልቻልኩም፤ 11 ቤተሰብ በጊዜ ያወጣች ሴት ናት የጻፈችልኝ።

ከባለቤትሽ ጋር የምትጨቃጨቁት «ተዛወሪ፣ አልዛወርም» በሚለው ላይ ብቻ ይመስለኛል። እሱም ከሩቅ ሆኖ ይፈራል፤ የሚያደርገው ሲያጣ ዝውውር ይላል። የሚያደርገው ነገር ስጪው። መምህር አይደለም? ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የክረምት ኮርስ ካለበት ልጁንና እናትሽን እስከ መስከረም ወደ ከተማ ይውሰዳቸው። ከሌለበት ግን በየሁለት ሳምንቱ መምጣቱን ትቶ አንቺ ጋ ይክረም። አዲሱን ቤት አብራችሁ ፈልጉ፤ ሌሊት በኃላፊነት የምትወጪ ከሆነ ልጁን የሚይዘው እሱ ይሁን፤ ጠዋት ደግሞ ከሽማግሌው ጋር ችካሉን የሚለካ ሰው ከጎደለ ሜትሩን ለእሱ ስጪው።